ከወለላችን ሥር የሚፈላው ወይን

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስል ላፍርበትም ልኮራበትም አይደለም፤ ቁመቴ አጭር ነው እንደማለት ነው። ሊፍት ያስፈራኛል፣ ውሻ ያስፈራኛል፣ ያለሰዓቱ የሚጮኽ ስልክ ያስፈራኛል። እናቴ ግን ከንፋስ በቀር የምትፈራው ነገር አልነበራትም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሳን ሆዜ ከተማ የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ ጊዜ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣች። ከመኝታ ቤታችን ወለል ሥር ወይን የሚፈላበት ምድር ቤት ነበር። ያን ሰሞን በሙሉ የኖርኩት አንድ ነገር ብቻ እየፈራሁ ነው፤ ምድር ቤቱ እናቴን ይወስድብኛል እያልኩ።

ቤቱ የአንድ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ነው። እኛ የተከራየነው ከኋላ ያለውን ባለ አንድ መኝታ ነበር። ባለቤቴ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ ፓርኪንግ ይሠራል፤ መኪናውን ዩኒየን ሲቲ ያቆምና በባቡር ይሄዳል። እኔ እዚያው ሳን ሆዜ የኮምፒውተር ቦርድ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ። ሽማግሌው ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቻቸው ለበዓል ሲመጡ አባትየው በፖርቱጋልኛ ይጠይቋቸዋል፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። የኔ ልጅ እንዲህ አትሆንም ብዬ ለባለቤቴ ነግሬው ነበር፤ አፌን በቆረጠው።

ቤቱን ልናይ የሄድን ዕለት መጀመሪያ የወሰዱን ወደ ጓሮ ነው። እኔ ሣር ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን ጥቁር ድንጋይ ነው። ካብ በካብ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ካብ የጥጃ በረት የሚያህል ቦታ ከልሎ፣ በየበረቱ ውስጥ ሁለት ሦስት የወይን ግንድ መሬት ለመሬት ተጋድሟል። "ይህ የኔ ደሴት ነው" አሉን። የተወለዱት አትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል፣ እሳት ከባሕር ሥር ፈንድቶ በሠራት ደሴት ላይ ነው። እዚያ አፈር የሚባል ነገር የለም አሉ። አያቶቻቸው የቀዘቀዘውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብረት እየሰነጠቁ፣ ከጎረቤት ደሴት አፈር በጀልባ እያመጡ፣ በየስንጥቁ እፍኝ እፍኝ እየጨመሩ ነው ወይኑን የተከሉት። የባሕሩ ንፋስ ጨው ስለሚረጭ ዙሪያውን ካብ ይክባሉ። ካቡ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ ንፋሱን ያደክመዋል እንጂ አያግደውም። ጥቁሩ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ለወይኑ ይመልሳል። ይህን ሲነግሩን ድንጋዩን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ ያደርጉታል፣ ሰው የላሙን ጀርባ እንደሚያደርገው። ሳን ሆዜ ያለውን ድንጋይ ከሰሜን በኩል ካሉት ተራሮች በፒክአፕ ለዓመታት እየተመላለሱ ነው ያመጡት።

ባለቤቴ "አሪፍ ነው" አለ። ለኔ የታየኝ እሳቱ ነው። የዚህ አገር መሬት ለራሱ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ላይ እሳት የተፋውን ድንጋይ ተሸክሞ ጓሮ ድረስ ማምጣት ምን የሚሉት ነው?

ቀጥለው ምድር ቤቱን አሳዩን። በገዛ እጃቸው የቆፈሩት ነው። ከጓሮ በኩል ዘንበል ያለ የእንጨት በር አለው፤ በሩ ሲከፈት የሲሚንቶ ደረጃ ወደ ታች ይወስዳል። ታች አንድ የሲሚንቶ ገንዳና በርሜሎች አሉ። ከጣሪያው ሥር፣ ከጓሮው መሬት እኩል፣ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ሽማግሌው ደረጃው አፍ ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ወይኑ በሚፈላበት ሰሞን ማንም አይወርድም" አሉ። "የምወርደው እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ሻማው ካልፈቀደልኝ አልወርድም።"

የሚፈላ ወይን የሚተፋው አየር እኛ ከምንተነፍሰው ይከብዳል አሉን። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ውሃ ገንዳ እንደሚሞላ ከታች ጀምሮ ቤቱን ይሞላዋል። ሰው ምንም ሳይሰማው ይወርድና እዚያው ይወድቃል። ደሴታቸው ላይ ታላቅ ወንድማቸው በዚህ ሞቷል። አባታቸው ልጃቸውን ሊያወጡ ተከትለው ገብተው እሳቸውም ቀሩ። "ወንድሜ ሳያውቅ ነው የገባው" አሉ። "አባቴ ግን እያወቀ ነው።" ከዚያ በሩን ዘጉትና ስለ ኪራዩ ማውራት ጀመሩ። እኔ ስለ ኪራዩ የተባለውን አንድም አልሰማሁም። ቤቱን አልፈልገውም ልል ነበር፤ ሆዴ ገፍቶ፣ ሌላ ቤት ፍለጋ ሰልችቶን፣ እሺ አልኩ።

እናቴ የመጣችው ልጄ ልትወለድ ጥቂት ሲቀራት ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ጠጅ እየጣለች ነው ያሳደገችኝ። ከመጣች ጀምሮ የቤታችንን መስኮቶች በሙሉ ዘጋች። አራስ ንፋስ ከገባባት ዕድሜ ልኳን ወገቧን ያማታል አለች። ሽማግሌው ለሙቀቱ ብለው የሰጡንን ትልቅ ቬንቲሌተር ወደ ግድግዳ አዙራ በላዩ ላይ ልብስ አሰጣችበት። ሽማግሌው በጓሮ ሲያልፉ መስኮቱን ከውጭ ይከፍቱታል። እናቴ ከውስጥ ትዘጋዋለች። ሁለቱ ያለ ቋንቋ የተዋወቁት በዚህ ነው።

ወይኑ ሲደርስ ግን ወዳጆች ሆኑ። እናቴ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የማታውቅ ሴት ናት። ልጄ ስትተኛ ጠብቃ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ከሽማግሌው ጋር ድንጋዩ መሀል ጎንበስ ብላ ዘለላውን በመቀስ እየቆረጠች ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጣለች። እሳቸው "ሴኞራ" ይሏታል፣ እሷ "ጋሼ" ትላቸዋለች። በመስኮቱ መስተዋት በኩል አያቸዋለሁ። የተጣሉት አንዴ ብቻ ነው። ሽማግሌው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ገንዳው ውስጥ ገብተው ወይኑን መርገጥ ሲጀምሩ እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ገባች።

"እህል ይረግጣሉ" አለችኝ። "ምነው እንደዚህ ያለ ደግ ሰው!"

"አገራቸው እንደሱ ነው እማዬ።"

"አገራቸውስ ቢሆን? የሚበላ ነገር በእግር ይረገጣል?"

ከዚያ ተመልሳ ሄደች። በእግር አልረግጥም ብላ እጅጌዋን ሰብስባ ባልዲ ሙሉ ወይን በእጇ እያፈረጠች ገንዳው ውስጥ ጨመረች። ሽማግሌው ሳቁ። ያን ጊዜ ወይኑ ገና ስላልፈላ ምድር ቤቱ ምንም አልነበረበትም። እኔ ግን እናቴ ደረጃውን ስትወርድና ስትወጣ ሳይ ጡቴ ውስጥ ያለው ወተት የሚረጋ ይመስለኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ መፍላት ጀመረ። አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ከወለሉ ሥር ቡልቅ፣ ቡልቅ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። የመጀመሪያ ዕለት መሬቱ የሚፈላ መስሎኝ ልጄን ይዤ ተነሳሁ። እናቴ ጆሮዋን ወለሉ ላይ አድርጋ አዳመጠችና ፊቷ በራ። "ደርሷል፣ ጎሽ" አለች። "ድምፁ ጥሩ ነው።"

እሷን ደስ ያሰኛት ድምፅ እኔን የሚያስታውሰኝ የሽማግሌውን ሟች ወንድም ነበር። አስቀምጬ ነገርኳት። ደሴቱን፣ ወንድምየውን፣ አባትየውን፣ አየሩን፣ አንድ ሳላስቀር።

"የምን አየር ነው?" አለች።

"ወይኑ ሲፈላ የሚተፋው።"

"አርባ ዓመት ጠጅ ስጥል ኖሬ እኔን የገደለኝ አየር የለም። ጠጅ የሚገድለው የሚጠጣውን ነው።"

"እማዬ፣ የእህል ጉድጓድ ሲከፈት ሰው ወዲያው አይገባም አይደል? አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ገብቶ የሞተ ሰው የለም?"

"እሱ የጉድጓድ ጋኔን ነው። ይኼ ቤት ነው፣ ደረጃ አለው።"

"ሻማውንስ ለምን የሚያወርዱት ይመስልሻል?"

ሻማውን ጠዋት ጠዋት ታየዋለች። ሽማግሌው በሩን ይከፍቱና ያማትባሉ፤ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሻማ ለኩሰው በረጅም ሽቦ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይሰዱታል። ሻማው ከጠፋ በሩን ክፍት ትተው ይመለሳሉ። ካልጠፋ ይወርዱና ወይኑን በእንጨት አማስለው ቶሎ ይወጣሉ።

"ለወንድማቸው ነፍስ ነው የሚያበሩት" አለች እናቴ። "ለአባታቸውም። ያማትባሉ እኮ፣ አላየሽም?"

"የሚያማትቡትማ ስለሚፈሩ ነው። ሻማው አየሩን መሞከሪያ ነው፤ እሳት የሚጠፋበት ቦታ ሰውም ይጠፋል።"

"እሺ" አለች። የእናቴን እሺ አውቀዋለሁ። ልጅ እንዳያለቅስ የሚሰጥ እሺ ነው።

በዚያ አላቆምኩም። ባለቤቴን ንገራት አልኩት። "እማማ፣ ቤዝመንቱ ዴንጀረስ ነው፣ እንዳይወርዱ" አላት፤ እሷም ጎርሰህ ሂድ አለችው። ሽማግሌውን በሩን ይቆልፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። "በሚፈላ ወይን ላይ በር አይቆለፍም" አሉ፣ "ሰው ውስጥ ቢቀርስ?" እሳቸውም እናቴን እጇን ይዘው ደረጃው አፍ ላይ አቁመው፣ ወደ ታች እያመለከቱ፣ ጉሮሯቸውን በሁለት እጃቸው አንቀው፣ ዓይናቸውን ገልብጠው አሳዩዋት። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። ወንድማቸው እንዴት እንደሞተ የሚነግሯት መስሏት ለእሳቸው አዘነች። እኔ አራስ ነኝ፤ የወለድኩት ሴት ስለሆነች ሰማንያ ቀኗ እስኪሞላ ከደጅ አልወጣም። ከመስኮት ወደ መስኮት እየተከተልኩ እናቴ የት እንደደረሰች ማየት ሥራዬ ሆነ። ከዓይኔ ስትሰወር እጠራታለሁ። "ምን ሆነሻል አንቺ፣ ጥጃ ሆንሽ እኮ" ትለኛለች።

የሷ ጭንቀት ሌላ ነበር። ወይኑ ጌሾ የለውም። ያለ ጌሾ እንዴት ይበስላል? ባለቤቴ ከሥራው ሲወጣ እዚያው ኦክላንድ ቴሜስካል የሚባል ሰፈር ጎራ ብሎ ካበሻ ሱቅ ጌሾ አመጣላት። ሽማግሌው ቅጠሉን አሸተቱና አስነጠሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው ጭንቀቷ መስኮቷ ናት። ያቺ የምድር ቤት መስኮት ቀንም ሌትም ክፍት ናት። ጥንስስ ንፋስ ካገኘው ይሞታል ትላለች። ጠጅ ቤታችን ትዝ ይለኛል፤ ጋኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በሩ ቀዳዳው ሳይቀር በጨርቅ ተወትፎ፣ እኛ ልጆቹ እንኳ በሩን ከፍተን ካየን እንገረፍ ነበር። ያ ጠጅ ቤት ግን ከምድር በላይ ነበር፤ ጋኑም ሁለት ሦስት ነው። እዚህ ከመሬት ሥር የሚፈላው ሙሉ ገንዳ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛ ንፋስ ተነሳ። እናቴ ልብስ ላስገባ ብላ ወጥታ ቆየች። ከመስኮቴ ሆኜ ሳያት ልብሱን ታጥፋለች፤ ልቤ ተመለሰ። ያላየሁት ከዚያ በፊት ያደረገችውን ነው። አሮጌ ብርድ ልብስ ሸብልላ መስኮቷ ውስጥ ወትፋ፣ ንፋሱ እንዳይገፋው ሁለት ጥቁር ድንጋይ አስደግፋለታለች። ሽማግሌው ያን ዕለት ማታ የምድር ቤቱን በር እንደወትሮው ዘግተው ተኙ። መስኮቷ ክፍት መስላቸዋለች።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌው ቅዳሴ ሄዱ። ባለቤቴ ሥራ ገባ። እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ ልጄን አጠባለሁ። እናቴ ጋቢዋን አጥፋ ክንዷ ላይ አድርጋ በጓሮ በር በኩል ስትወጣ አየኋት።

"ወዴት ነው እማዬ?"

"የትም አልሄድ፣ መጣሁ።"

ልጄ ጡቴን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ቤቱ ጸጥ አለ። ከሥራችን ቡልቅ ቡልቁ ይሰማል። እናቴ እጇ ሥራ ላይ ከሆነ ያለ እንጉርጉሮ አትችልም፤ ልብስ ማስጫው ጋም ሆነች ወይኑ መሀል ድምፅዋ ይሰማኛል። ያን ጠዋት አልተሰማኝም። ልጄን አስተኛኋትና በባዶ እግሬ ወጣሁ።

የምድር ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ላይኛው ደረጃ ላይ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው ጧፍ በርቶ ቆሟል። ሽማግሌው ቤት ስላልነበሩ ለወንድማቸውና ለአባታቸው ነፍስ እሷ አብርታላቸዋለች። ከጧፉ በታች ጨለማ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ከደረጃው መጨረሻ ከፍ ብሎ፣ ነጭ ሻሿን አየሁት። ልትመለስ ዞራ ኖሮ፣ ራሷ ወደ ላይ ሆኖ ደረጃው ላይ ተደፍታ ነበር፤ ገንዳውን ልትጠቀልልበት የያዘችው ጋቢ ከሥሯ ወድቋል።

ጠራኋት። አንድ ደረጃ ወረድኩ። ሁለተኛው ላይ እግሬን አሳርፌ ቆምኩ።

የቆምኩት አስቤ አይደለም። ፈራሁ። እናቴ ከፊቴ ወድቃ፣ ልደርስባት ጥቂት ደረጃ ሲቀረኝ፣ እኔ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ነው የሽማግሌው አባት ወደ አእምሮዬ የመጡት። እያወቀ ነው የገባው ያሏቸው። ወደ ኋላ ተመለስኩ። ጣሳው ከነሽቦው በሩ ላይ ካለው ሚስማር ተንጠልጥሏል። ሻማውን ከእናቴ ጧፍ ለኩሼ አወረድኩት። የእናቴ ራስ ጋ ሳይደርስ ድርግም አለ፤ እንደ ሰው ትንፋሽ ያለ ጭስ እንኳ አልወጣውም።

መስኮቷ ትዝ አለችኝ። ዞሬ ሮጥኩ። ድንጋዮቹን በእግሬ ገፍቼ ብርድ ልብሱን መዝዤ ጣልኩት። ወደ ቤት ገብቼ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋኝ። እናቴ ወይን ውስጥ ወድቃለች አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ሰክራ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኩ፣ አየር የለም አልኩ፣ አድራሻውን ሦስቴ ነግሬ ስልኩን ወረወርኩት። ቬንቲሌተሩ ላይ የተሰጣውን የልጄን ልብስ ጠርጌ ጥዬ፣ ከኤክስቴንሽኑ ጋር ጎትቼ፣ ደረጃው አፍ ላይ ወደ ታች አዙሬ ለቀቅኩት። ጧፉ ጠፋ። የሚጮኽ ነገር አለ ብዬ ዞር ስል ልጄ ናት፤ ነቅታለች።

ሻማውን ደግሜ ለኩሼ አወረድኩት። ጠፋ። አወጣሁት፣ ክብሪቱ እየተሰበረ ለኮስኩት፣ አወረድኩት። ከበፊቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጠፋ። ልጄ ትጮኻለች። እናቴ አትንቀሳቀስም። ቬንቲሌተሩ ያጓራል። ይህን ስጽፍ ቀላል ይመስላል፤ እናቱ ደረጃ ላይ ተደፍታ እያየ ሻማ የሚለኩስ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ውረጂ፣ ውረጂ ይለኛል አንድ ልቤ። ሌላው ልቤ ከዚያ የሕፃን ጩኸት በኋላ የሚሆነውን ያሳየኛል፤ ባለቤቴ ማታ መጥቶ በሩን ሲከፍት፣ ሕፃኗ ጉሮሮዋ ተዘግቶ፣ እኛ ሁለታችን ታች። እመቤቴ ማርያም እያልኩ ሻማውን ደግሜ ሰደድኩት። የእናቴ ሻሽ አጠገብ ሲደርስ ነበልባሉ አነሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አልጠፋም።

ትንፋሼን ሳብኩና ወረድኩ። ከብብቷ ሥር ይዤ ጎተትኳት። እኔ አራስ፣ እሷ ከኔ የምትከብድ፤ አንድ ደረጃ ወጣች፣ ሁለተኛው ላይ እምቢ አለች። ደረቴ ሊፈነዳ ሆነ። ልተነፍስ ነው፣ አለቀልኝ ስል ከኋላዬ ጠንካራ እጅ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሽማግሌው ናቸው፣ ከነቅዳሴ ልብሳቸው። በአንድ እጃቸው እኔን፣ በሌላው የእናቴን ክንድ ይዘው ሳቡን። ፀሐይ ላይ ወጥተን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተዘረጋን።

እናቴ ፊቷ አመድ መስሏል። ሽማግሌው ጉንጯን ይመታሉ፣ በቋንቋቸው ይለምኗታል። ሳለቅስ አፌ ውስጥ አፈር ገብቶ ነበር፤ እንዴት እንደገባ አላውቅም። ከዚያ እናቴ ሳለች። ሳለችና አስመለሳት። የእሳት አደጋ ሰዎች ሲደርሱ ዓይኗን ገልጣ ነበር። የኦክስጅን ጭምብሉን አፏ ላይ ሲያደርጉላት በእጇ ገፋቻቸው፤ ከጭምብሉ ውስጥ ንፋስ ይወጣል አለች። ያን ጊዜ ሮጬ ገብቼ ልጄን አነሳኋት።

ሆስፒታል አሳድረው ለቀቋት። ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ዋሉ። ወይኑን በሙሉ እደፋዋለሁ አሉኝ፤ እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ እንደሱ ያለ ፍርሃት አልፈራሁም አሉ። ለእናቴ ነገርኳት። "ምን አጠፋና ይደፋል?" አለች። "ይልቅ አማስሉት በያቸው።"

እሷ ዳነች፣ እኔ ግን አልዳንኩም። አዲስ ፍርሃት መጣብኝ። እናቴ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አትናገርም። እዚያ ተደፍታ ሳለች ሰምታኝ ይሆን? ቀና ብላ አይታኝ ይሆን? እኔ ላይ ቆሜ ሻማ ስለኩስ አይታ ከሆነ አንድ ቀን ትጠይቀኛለች፤ ለምን አልወረድሽም ትለኛለች። ይህን ጥያቄ እየፈራሁ ልጄን አጠባሁ፣ እየፈራሁ ክርስትና አነሳናት። እናቴ ቀና ብላ ባየችኝ ቁጥር መጣ እላለሁ። እሷ ግን ገንፎው ቀጠነ ትላለች ወይም ዳይፐሩን ለውጪ።

ደሴታቸው ላይ በኅዳር ወር አዲሱ በርሜል የሚከፈትበት የአንድ ቅዱስ በዓል አላቸው። ሽማግሌው ያን ቀን ጠረጴዛ ወደ ጓሮ አወጡ፣ ቼስትነት የሚባለውን የፈረንጅ ለውዝ የመሰለ ነገር በእሳት ጠበሱ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእናቴ በሁለት እጃቸው ሰጧት። ባለቤቴ ኦፍ ስለነበረ ልጃችንን አቅፎ ቆሟል። እናቴ አማተበች፣ ቀመሰች፣ ሁላችንም አፍ አፏን አየን።

"ጌሾ ይጎድለዋል" አለች። "ግን ይጠጣል።" ተርጉሜ ስነግራቸው ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ከዚያ እኔና እሷ ገብተን ብርጭቆ ማጠብ ጀመርን። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ቀና ሳትል ተናገረች።

"ያን ቀን እኮ አየሁሽ።"

እጄ ላይ ያለውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ምን አየሽ?"

"ላይ ቆመሽ። ያን ሻማ ስታወርጂ፣ ስታወጪ። ልጠራሽ ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ።"

ይኸው መጣ አልኩ።

"ልጅቷ ታለቅስ ነበር" አለች። "እሷንም እሰማታለሁ። ምነው ሄዳ ብታነሳት እላለሁ፣ አንቺ ንቅንቅ የለም። ሕፃን ልጅ እንደዚያ እየጮኸ ይቆማል? እንዴት እንደተናደድኩብሽ።"

"አንቺ እየሞትሽ?"

"ታዲያ እኔ ብሞት ምን አለበት፣ አሳድጌሻለሁ።"

ባልጠየቅ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ጠየቅኩ። "ባለመውረዴ አልተቀየምሽኝም እማዬ?"

እጇን ከውሃው አወጣች። እንዲህ ያለ ሞኝ ወልጄ ነው ወይ በሚል ዓይን አየችኝ።

"እግርሽን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስታደርጊ አየሁት" አለች። "በሕይወቴ የፈራሁት ያኔ ነው። አትውረጂ፣ አትውረጂ ነበር የምልሽ። ተመልሰሽ ስትወጪ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተመስገን አልኩ።"